በማዕከልዎ ተቆልፎ ስለ ቀረው የአባቴ ሁለተኛ ስንኝ

ለክቡር አቶ ፍሬ ስብሐት
የሐይቅ ዳር የቅኔና የቃል ቅርስ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ክብርት ባለቤትዎ፣ ምክትሎችዎ፣ የምክትሎችዎ ጸሐፊዎች፣ እንዲሁም ዘንድሮ በቀይ ሪባን የተመረቁት አዳዲስ ኮምፒዩተሮችዎ እንደ ምን ሰንብታችኋል? የጣና ነፋስ በመስኮትዎ ገብቶ እንዳያበርድዎ፣ የከሰዓት ፀሐይ በስክሪንዎ ላይ እንዳያንጸባርቅብዎ፣ ከወንበርዎ ብድግ የሚያሰኝ አንዳች ጉዳይም እንዳይገጥምዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አባቴ ግን፣ እርስዎም እንደሚያውቁት፣ ሞተዋል።

ባለጉዳይ ስለሚበዛብዎ ላያስታውሱኝ ይችላሉና ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ በደቅ ደሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩት የየኔታ ወልደ ገብርኤል ልጅ እናትዓለም ነኝ፤ ሰባታሚት እኖራለሁ፣ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ወር አባቴን ደቅ ላይ ስንቀብር በማዕከሉ የሞተር ጀልባ ከካሜራ ባለሙያዎ ጋር መጥተው በመቃብሩ አፋፍ ንግግር ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ምስሉ እንዳይጋረድ ትንሽ ወደ ጎን በይ ተብላ ከአባቷ ሬሳ እንድትርቅ የተደረገችው ሴት ደግሞ እኔ ነኝ። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። በጣም ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ እኔ በፍጹም አልታይም።

በዚያ ንግግርዎ፣ የየኔታ አንዲት ቃል እንኳ መሬት አልወደቀችም፣ ሁሉም በማዕከላችን በዘመናዊ መንገድ ተጠብቆ ይገኛል ብለው ነበር። ሕዝቡ አለቀሰ፤ ካህናቱም እግዜር ይስጥልን አሉዎት። እኔም አለቀስሁ። ያስለቀሰኝ ግን በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ንግግርዎ ባዶ መሆኑን ከእኔ፣ ከባለቤቴና ከእርስዎ ከራስዎ በቀር የሚያውቅ አለመኖሩ ነበር።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁትም ለዚሁ ነው። ከዚህ በፊት በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች እርስዎ ጠርዛቸው ላይ ባሰፈሩት «ይጣራ» በሚል ውብ የእጅ ጽሕፈት አጊጠው አሁንም በዕረፍት ላይ ስለሆኑ፣ እነሱን መቀስቀስ ነውር መሰለኝ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢያን በአጭሩ ላስረዳ። እናቴ ባንቺአየሁ የሞተች ጊዜ እኔ ገና ተማሪ ነበርሁ። በተዝካሯ ዕለት አባቴ በቤተ ክርስቲያኑ ቆመው ለእሷ አንድ ጉባኤ ቃና ዘረፉ። ጉባኤ ቃና ከቅኔ ሁሉ አጭሩ ነው፤ ሁለት ስንኝ ብቻ አለው። አባቴም ያችን ሁለት ስንኝ ካሰሙ በኋላ የማዕከልዎ ሰዎች እስኪመጡ ድረስ ዳግመኛ በአፋቸው አላነሷትም፤ ምክንያቱም ቅኔ በዕለቱ ተዘርፎ በዕለቱ የሚቀር ነው፣ የራስን ቅኔ እንኳ ደግሞ ማሰማት ለባለ ሙያው እንደ ነውር ይቆጠራል። እናቴ ትታልን ያለፈችው ንብረት ብዙም አልነበረም። እኛ ቤት እንደ ውርስ የሚታየው ያ ቅኔ ነበር፤ እሱም ከአባቴ ልብ በቀር ማስቀመጫ አልነበረውም።

ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የማዕከልዎ ሰዎች በጀልባ ደቅ ድረስ መጥተው፣ ሊቃውንቱ እያለቁ ነውና የሚያውቁትን ሁሉ ይስጡን አሏቸው። አባቴ ደጋግመው እንቢ አሉ። በኋላ ግን የጉባኤው ተማሪ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሲሄድ አይተው እሺ አሉ፤ ሁለት ክረምት ሙሉ ባሕር ዳር ወርደው በማዕከሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያላቸውን ሁሉ ሰጡ። ድምፃቸው ተቀዳ፣ ቃሉም በጊዜው በነበረው የግእዝ ፕሮግራም ተጻፈ። የእናቴ ቅኔ ላይ ሲደርሱ ከቀጂው በቀር ሰው ሁሉ ከክፍሉ እንዲወጣላቸው ለምነው ነበር። እኔም በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው፤ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፣ አብረን ወደ ጀልባው ወረድን።

ቀጂው መጀመሪያ በእጁ የጻፈውን ረቂቅ ማዕከሉ በኋላ መደርደሪያ አጣበበ ብሎ አስወግዶታል። ወረቀት ምስጥ ይበላዋል፣ ኮምፒዩተር ግን አይበላም ተብሎ ተነግሮን ነበር። እውነት ነው፤ ምስጥ አልበላውም።

ዘንድሮ በጥቅምት አባቴን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ዛለ፣ ንግግራቸው ጠፋ። ውሃ ማለት አቃታቸው፤ ስሜን መጥራት አቃታቸው። አንድ ነገር ብቻ ቀረላቸው፦ የእናቴ ቅኔ የመጀመሪያው ስንኝ። እሱን ከነዜማው አንዲት ፊደል ሳያጎድሉ ያሰሙታል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ በዜማ የተያዘ ቃል በአእምሮ ውስጥ ከተራው ንግግር በተለየ ቦታ ስለሚቀመጥ አንዳንድ ጊዜ ይተርፋል። ሁለተኛው ስንኝ ግን አልተረፈም። የመጀመሪያውን ይጨርሳሉ፣ ይቆማሉ፣ ዓይናቸው ይንከራተታል፣ ደኅናው እጃቸው የአልጋውን ብረት ይመታል፣ ከዚያ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ቤታችን ውስጥ የነበረው ድምፅ ይህ ነበር። ልጆቼ የመጀመሪያውን ስንኝ በቃላቸው ያውቁታል። እዚህ ግን አልጽፈውም፤ ቤተሰባችን ለመሥሪያ ቤትዎ ከሚገባው በላይ አስረክቧል።

እንግዲህ ከማዕከልዎ የፈለግሁት አንድ ስንኝ ብቻ ነበር። ለአንድ ስንኝ ስለ ተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ማዕከሉን ስላዘመኑት እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። በኅዳር ወር መጀመሪያ ቢሮዎ ስመጣ አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ተነሥተው አዳዲሶቹ በየጠረጴዛው ተሰልፈው አየሁ። የአባቴም ፋይል ከአሮጌው ወደ አዲሱ በጥንቃቄ ተዛውሯል፤ የኮምፒዩተር ክፍሉ ባለሙያ በስሙ ፈልጎ አሳየኝ፣ ከነክብደቱ ቁጭ ብሏል። ሊከፍተው ሲጫነው ግን አዲሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይህን ፕሮግራም አላውቀውም፣ በእኔ ላይ አይሠራም ብሎ መለሰለት። ድምፁንም ጽሑፉንም በአንድ ላይ የያዘው ያ የድሮ ፕሮግራም ስለ ሆነ ያለ እሱ የሚከፍተው ሌላ የለም። ስለዚህ የአባቴን ስም በስክሪኑ ላይ ቆሜ አነበብሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም ሰው፣ ዳይሬክተሩም ቢሆን፣ ማንበብ አይችልም። እንዲህ ያለ ፍጹም ጥበቃ በየትኛውም ገዳም ዕቃ ቤት አላየሁም፤ ገዳማቱ እንኳ ዕቃ ቤቱን የሚከፍት አንድ ቄስ አያጡም።

ሁለተኛ። ለፕሮግራሙ ሠሪ በቁጥርና በማኅተም የተጻፈ ደብዳቤ እንዲላክ ስላዘዙልኝ አመሰግናለሁ። ሠሪው ከሞቱ ዓመታት እንዳለፉ የኮምፒዩተር ክፍሉ ባለሙያ ለእርስዎ ተናግሮ እንደ ነበር በኋላ ሰማሁ። ደብዳቤው ግን ተልኳል፤ በሩብ ዓመቱ ሪፖርታችሁም ላይ «ምላሽ በመጠበቅ ላይ» ተብሎ ተመዝግቧል። አሁን አባቴም ወደዚያው ስለ ሄዱ፣ ሁለቱ ተገናኝተው ጉዳዩን በቅርበት እንደሚከታተሉልዎ አልጠራጠርም።

ሦስተኛ። ይህኛው ረዘም ይላል፣ ይታገሡኝ። ባለቤቴ አስናቀ እዚሁ ከተማ በአንድ ፋብሪካ የኮምፒዩተር ጥገና ኃላፊ ነው። ነገሩን ስነግረው ሳቀና፣ ይኼ እኮ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው አለኝ። እንደ እሱ አባባል አዲሱን ኮምፒዩተር ምንም ሳይነኩ፣ በውስጡ አሮጌውን ሲስተም እንዳለ በአንድ መስኮት ለብቻው ማስነሣት ይቻላል። ባለሙያዎቹ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። አሮጌው ፕሮግራም እዚያ ውስጥ ሲጫን ከለመደው ቤቱ ያልወጣ ይመስለዋል፤ እንደ ድሮው ይከፈታል፣ ከሥራ በኋላ መስኮቱ ይዘጋል፣ አዲሱ ኮምፒዩተርም አዲስ እንደ ሆነ ይቀጥላል። በእነሱ ፋብሪካ የጨርቅ ንድፍ የሚያወጣው የድሮ ፕሮግራም ሲስተሙ ከተቀየረ ወዲህ ሲሠራ የኖረው በዚሁ ዘዴ ነው። የግእዙ ፕሮግራም መጫኛ ሲዲም በማዕከሉ መሳቢያ ውስጥ በደኅና ተገኝቷል። አስናቀ ሥራውን በነፃ እሠራለሁ ብሎ ማመልከቻ አስገባ፤ እርስዎም ማመልከቻውን ወደ ንብረት ክፍል መሩት።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ የሻሽወርቅ በማዕከሉ ግቢ የሚሠራ ማንኛውም ኮምፒዩተር ሞዴል 19 የሚባለው የንብረት መቀበያ ደረሰኝ ተቆርጦለት ገቢ ካልሆነና የመለያ ቁጥር ካልተለጠፈበት እንደማይነሣ ገለጹ። አስናቀ ይህ ኮምፒዩተር አካል የለውም፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር ነው ብሎ አስረዳ። እሳቸውም አካል ከሌለው ጠፋ ቢባል ማንን ልይዝ ነው፣ ቁጥሩስ የት ሊለጠፍ ነው ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ የውስጡ ኮምፒዩተር በውጭው ቁጥር ይጠቀም የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ አንድ ቁጥር ለሁለት ኮምፒዩተር ከሆነ የኦዲት ግኝት ይሆናል ተብሎ ወደቀ። ቀጥሎ አንድ የኮሚቴ አባል መስኮቱ ሲዘጋ ኮምፒዩተሩ የት እንደሚያድር ጠየቁ። ሌላው ደግሞ ሥራው አልቆ ሲጠፋ ንብረት እንደ ማስወገድ ስለሚቆጠር የማስወገጃ ቃለ ጉባኤ አስቀድሞ ይዘጋጅ አሉ። በሌላ ቀን የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ የታተመውን የመለያ ቁጥርና ሙጫ ይዞ መጥቶ ስክሪኑ ፊት ቆሞ ሲያመነታ አስናቀ በዓይኑ አይቷል። ሰውየው በመጨረሻ ቁጥሩን በአስናቀ ጃኬት ላይ ሊለጥፈው ምንም አልቀረውም ነበር።

ወይዘሮ የሻሽወርቅን አልወቅስም። አንድ ወንበር ቢጎድል ከደመወዛቸው የሚቆረጥባቸው ሴት ናቸውና የማይጨበጥ ኮምፒዩተር ፈርመው ተቀበሉ ቢባሉ ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። እርስዎ ግን «ይህ ፕሮግራም እንጂ ዕቃ አይደለም» ብለው አንዲት መስመር ቢጽፉ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ይህን እንደሚያውቁም አውቃለሁ፣ ለባለቤቴ በቃልዎ ነግረውታልና። መስመሯን ያልጻፉበትን ምክንያት አስናቀ ሲጠይቅዎ፣ ማዕከሉ በዘመናዊነት ተመርቆ ሳለ ወደ አሮጌ ሲስተም ተመለሰ ቢባል ምን ይመስላል ብለውት ነበር። አሮጌ ነገር ለመጠበቅ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር አሮጌ ነገር እንዳይታይበት ሲሳቀቅ ማየት ለዜጋ ትልቅ ትምህርት ነው።

አራተኛ። ፋይሉን በፍላሽ ገልብጣችሁ ስጡኝ፣ ባለቤቴ ከቤቱ ይክፈተው ብዬ ብለምን፣ ቅርሱ የሕዝብ ሀብት ስለ ሆነ ለግለሰብ አይሰጥም የሚል ምላሽ ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕዝብ የሚባለው ማን እንደ ሆነ እየፈለግሁ ነው። የሟቿ ልጅ፣ የገጣሚው ልጅ፣ አልጋው አጠገብ የተቀመጠችው እኔ ግለሰብ ነኝ። ማንም ሊከፍተው የማይችለውን ፋይል የሚጠብቀው ዘበኛ ደግሞ ሕዝብን ወክሎ ነው የቆመው።

አምስተኛ። በየካቲት ወር ማዕከሉ ለአባቴ በስማቸው ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ በቴክኒክ ምክንያት ቀድሞ የሰጡት መረጃ ለጊዜው ስለማይከፈት በማዕከሉ ተገኝተው ከመጀመሪያው ጀምሮ በድጋሚ እንዲሰጡ በአክብሮት ይጠይቃል። አባቴ ያን ጊዜ አፋቸውን የምንጠርግላቸው ሰው ነበሩ። ጤነኛ ቢሆኑስ ኖሮ? የቅኔ መምህርን ቅኔህን ድገምልኝ ማለት ምን ዓይነት ስድብ እንደ ሆነ በዚህ ሐይቅ ዙሪያ የማያውቅ ቢኖር ከእኛ አገር ያልሆነ ሰው ነው። እርስዎ ግን ያውቃሉ፤ ፊርማውም የእርስዎ ነው። እኔ መጥቼ ሳለቅስብዎ ደግሞ አዝነው አማራጭ አቀረቡልኝ፤ ስለ እናት ሞት የተዘረፈ፣ ርዝመቱም ይዘቱም ተመጣጣኝ የሆነ የሌላ መምህር ጉባኤ ቃና በአዲሱ ሲስተም ስላለ እሱን አሳትመን እንስጥሽ አሉኝ። እናት ሞታብኝ ለቅሶዬን ጎረቤት ያልቅስልኝ እንደ ማለት ነው። ስለ ደግነትዎ ያን ዕለት ማመስገን ስለ ተሳነኝ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ላቁመው፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ጉዳይ የቢሮ ጉዳይ አይደለም።

እርስዎ በወጣትነትዎ በአባቴ ጉባኤ ሁለት ዓመት ተምረዋል። እናቴ በተቀበረችበት ዓመት ደቅ ነበሩ፤ በተዝካሯም ዕለት ከተማሪዎቹ ጋር ቆመው ነበር። ተማሪ መምህሩ የዘረፈውን ቅኔ ከአፉ ተቀብሎ በልቡ ይይዛል፤ ጉባኤው የሚኖረው በዚህ ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ ወር ኮምፒዩተሩ ተስፋ ሲያስቆርጠኝ ቢሮዎ ገብቼ፣ ሁለተኛውን ስንኝ ያስታውሱት እንደሆነ ጠየቅሁዎ። ፈገግ ብለው፣ ቴክኖሎጂ ያስፈለገን እኮ ለዚህ ነው፣ የሰው ልጅ ትውስታ አይታመንም አሉኝ።

በማግስቱ ወደ ደልጊ ሄድሁ። የእርስዎ የትምህርት ጓደኛ መሪጌታ አካሉ እዚያ እንደሚያገለግሉ ሰምቼ ነበር። እሳቸውም የመጀመሪያውን ስንኝ ወዲያው አሰሙኝ። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ስለ ሐይቁ የሚል ነገር እንዳለበት፣ ሲሰማ የቆመው ሕዝብ ሁሉ አንገቱን እንደ ደፋ ያስታውሳሉ፤ ቃሉ ግን የለም። ግድግዳው ሥር ቁጭ አሉና፣ ልጄ፣ የመምህሬን አደራ በላሁ ብለው አለቀሱ። የቀሩት የዚያን ዕለት ተማሪዎች ሞተዋል። እንግዲህ ያንን ስንኝ ከረሱት ሁለት በሕይወት ያሉ ሰዎች አንዱ በመርሳታቸው ተንሰቅስቀው ሲያለቅሱ፣ ሌላው በመርሳታቸው ዳይሬክተር ሆነዋል።

ጠላሁዎ። ይህን በአክብሮት ቋንቋ ልጽፈው ብዙ ሞክሬ ስላልሆነልኝ በግልጽ ጻፍሁት። አባቴ በጣር ላይ ሳሉ እኔ የማስበው ስለ እሳቸው አልነበረም፤ ስለ እርስዎ ፊርማ ነበር። የአባቴን የመጨረሻ ወራት በእርስዎ ቢሮ ኮሪደር ላይ ጨርሼዋለሁ፤ ያን ጊዜ እጃቸውን ይዤ ልቀመጥ ስችል።

አባቴ ከፋሲካ በኋላ አረፉ። የመጀመሪያውን ስንኝ አሰምተው ጨርሰው፣ ለሁለተኛው አፋቸውን እንደ ከፈቱ ነው ነፍሳቸው የወጣችው። ሲገነዙ ካህናቱ አገጫቸውን በነጭ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አሰሩት፤ አልዘጋ ብሎ አስቸግሮ ነበር። ከዚያ እርስዎ በጀልባ መጡና አንዲት ቃል መሬት አልወደቀችም አሉ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልመለስ። የአባቴ አርባ እዚያው ደቅ ላይ ይወጣል። በዕለቱ በኋላ ዘመን የተማሩት ደቀ መዛሙርታቸው፣ መሪጌታ አካሉም ከደልጊ ተሻግረው፣ የእናቴን ቅኔ የመጀመሪያ ስንኝ በኅብረት ያሰማሉ። ቅኔ አይደገምም የሚለውን ሥርዓት የጣስነው እኛ አይደለንም፤ ወራት ሙሉ ሲደግሙት የሞቱት ባለቤቱ ናቸው፣ ካህናቱም ለአንድ ጊዜ ፈቅደዋል። የመጀመሪያው ስንኝ እንዳለቀ ሁሉም ዝም ይላል። ቦታውን በሌላ ዜማ የሚሞላ፣ ተመጣጣኝ የሚያቀርብ ማንም አይኖርም፤ በዚህ ተስማምተናል። ሕዝቡ ሁሉም ተጠብቋል ያሉትን ከአፍዎ ሰምቷልና ሁለተኛውን ስንኝ እርስዎ ያሰሙናል። መጥተው ካላሰሙ እንጠብቃለን። ቢዘገዩም እንጠብቃለን። ሕዝቡ ለምን እንደ ቆመ ሲጠይቅም ማንን እየጠበቅን እንደ ሆነ በስምዎና በማዕረግዎ እንነግረዋለን።

ከዚያ በፊት ያለችው መንገድ አንዲት ናት። አስናቀ በማንኛውም ከሰዓት፣ በማንኛውም ዘበኛ ፊት፣ እጁን ወደ ኋላ ታስሮም ቢሆን በአፉ እያዘዘ ይሠራዋል። አንዲት መስመር ይጻፉለት። ለአባቴ አልደረሰም፤ ለመቃብራቸው ግን ይደርሳል። ከቀረም የሚቀረው ከእናቴ የተረፈው ነገር ሁሉ መሆኑን፣ ያንንም የቀበሩት እርስዎ መሆንዎን አውቀው ይቅር።

ማዕከልዎ ከዘመን ወደ ዘመን እየዘመነ፣ በውስጡ ያለውን አንዳች ሰው ሳያየው እንደ ተጠበቀ እንዲኖር፣ እርስዎም በተራዎ ይህንኑ ጥበቃ ከሥር መሠረቱ እንዲያገኙ፣ ስምዎ በትልቅ ፊደል ተጽፎ ከስምዎ ወዲያ ያለውን ግን የሚከፍት ሰው እንዲጠፋ እየተመኘሁ፣ ከላቀ አክብሮት፣ ከማያልቅ ትሕትናና ከደረቀ ዕንባ ጋር እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ግለሰብ፣
እናትዓለም ወልደ ገብርኤል
ሰባታሚት፣ ባሕር ዳር

ማስታወሻ፦ አባቴ በታመሙበት ወራት የድሮ ተማሪዎቻቸው በአንድነት የተነሡትን ፎቶግራፍ በየጊዜው አሳያቸው ነበር። ጣቴን በእያንዳንዱ ፊት ላይ ሳኖር በደኅናው እጃቸው ይባርካሉ፤ የሞቱትንም በሕይወት ያሉትንም አንድ ሳይቀሩ። እርስዎ ላይ ስደርስ ግን እጃቸውን ያወርዱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እኔም ሕመሙ ነው፣ ረስተዋቸው ነው እያልሁ በልቤ ይቅርታ እጠይቅልዎ ነበር። ከጠፋባቸው ነገር ሁሉ መካከል እርስዎን ማወቅ ብቻ እንዳልጠፋባቸው የገባኝ በቀብራቸው ዕለት ነው።